በቴፕ መደርደሪያ ላይ ስለተረሳው ስለ ማላራ ወንዝ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ላክላን ትሬልፎል፣
የሰሜን ዳርቻ የመረጃ ምርምር ማእከል ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም በዚህ የኩዊንስላንድ ሙቀት ከሁላችንም ተለይተው ቀዝቃዛ አየር ለአንዲት ሰዓት እንኳ ያልተጓደለባቸውን የማእከልዎን ታላላቅ ኮምፒውተሮች ምቾት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ የማላራ ነዋሪዎች ደኅና ነን፤ ምንጣፎቻችን ደርቀዋል፣ በቦውሊንግ ክበባችን አዳራሽ ያለው ፒያኖም ከወፍራሞቹ ድምፆች በቀር የቀሩት ሁሉ ተመልሰውለታል።

ለእርስዎ በጋዜጣ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል በግል ለላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ማእከልዎ «መልእክትዎ እንደ ተፈላጊነቱ ቅደም ተከተል ይታያል» የሚል መልስ፣ ገና ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሣ ያደርሰኝ ስለ ነበር፣ ተፈላጊነቴን በአደባባይ ከፍ ከማድረግ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። በዚያው በማእከልዎ የወረፋን ሒሳብ ሳጠና አርጅቼ፣ ጡረታ በወጣሁ ጊዜ በሸንኮራ አገዳ እርሻ መካከል፣ ከወንዙ ዳር ቤት የገዛሁ ሴት በመሆኔ፣ የማነሣውን ጉዳይ ከቢሮው በኩልም ከውሃው በኩልም አውቀዋለሁ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ መረጃ እንደ ዝናብ ወራት ሣር በየዕለቱ እየበቀለ ማከማቻውን ባጨናነቀ ጊዜ፣ «በሦስት ወር ውስጥ ማንም ያልከፈተው ፋይል ይሰረዛል» የሚለውን ደንብ ስላወጡ አመሰግናለሁ። ተመራማሪ የሚባል ፍጡር አንድ ቀን እንኳ ተመልክቶት የማያውቀውን መረጃ አብልጦ እንደሚወድ፣ ደንቡን ያረቀቁት ሊቃውንት ራሳቸው ተመራማሪዎች ሆነው ሳለ እንዴት እንደ ዘነጉት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። የዝናብ ደኑን እንቁራሪቶች ድምፅ የሚያጠኑት ዶክተር ኢሞጅን ካስቴላሪ ለዓመታት የቀረጹት በአብዛኛው እንቁራሪቶቹ ዝም ብለው ዝናብ በቅጠል ላይ ሲወርድ የሚሰማበት ነው፤ ይህ እንዳይጠፋባቸው በየእሑዱ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ የሚዘጋ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፉና ስሙን «ውሻ ማንሸራሸር» አሉት። በሻይ ሰዓትም ለባልደረቦቻቸው «እኔ ጓሮዬ ቋሊማ ስጠብስ እሱ ፋይሎቼን ያናፍስልኛል፤ የሚሰማቸው የለም፣ የሚሰርዛቸውም የለም!» ብለው ቢያወሩ፣ ወር ሳይሞላ በማእከሉ ውስጥ ውሻ የሌለው ክፍል ጠፋ።

ሁለተኛ፤ የእሑዱን ግርግር በተመለከቱ ጊዜ፣ እንደ ተራ ሰው ወደ ኮሪደሩ ወጥተው «እሑድ እሑድ ይህን ሁሉ የሚከፍተው ማነው?» ብለው ከመጠየቅ ተቆጥበው፣ በጉዳዩ ላይ ታላቅ ምርምር እንዲካሄድበት ስላደረጉ አመሰግናለሁ። የምርምሩ ፍሬ ራሱን በራሱ የሚያስተምር የማከፋፈያ ሥርዓት መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፤ አዘውትሮ የሚከፈተውን መረጃ ተወዳጅ ነው ብሎ በፈጣኑ ዲስክ ላይ ያኖራል፣ የማይከፈተውን ደግሞ ፈላጊ የለውም ብሎ፣ የብረት ክንድ ከመደርደሪያ እየፈለገ ወደሚያመጣው ወደ ቴፕ ይሰደዋል። ሥርዓቱም ባየው ነገር ላይ ተመሥርቶ፣ የኩዊንስላንድ ሕዝብ ከምንም በላይ የሚናፍቀው ዝም ያሉ እንቁራሪቶችን ማዳመጥ መሆኑን ደመደመ። በምርጫ ሰሞን እንኳ ማንም ፖለቲከኛ ይህን ያህል በጥልቀት አልተረዳንም።

ሦስተኛ፤ ለዚህኛው ምስጋና ጥቂት ትዕግሥት እጠይቃለሁ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው፣ ዝናብ በጠነከረ ጊዜ፣ የዕለቱን የውሃ ከፍታ ከማላራ ወንዝ የቀድሞ ሙላቶች ጋር አስተያይቶ ለስልኮቻችን መልእክት ይልካል፤ የቀድሞዎቹ ሙላቶች መዝገብ የሚገኘውም በእርስዎ ማከማቻ ነው። ይህ መዝገብ ለሰው ሕይወት የሚያስፈልግ ነውና አይሰረዝ ብለው በፊርማዎ ከደንቡ ነጻ ስላደረጉት ምስጋናዬ ከልብ ነው። እንዳይሰረዝ ዋስትና ያለው በመሆኑ ውሻ አላስፈለገውም፤ ውሻ ስላልነበረው ከዝናብ እስከ ዝናብ የሚከፍተው አልተገኘም፤ የሚከፍተው ስላልተገኘም ሥርዓትዎ በማከማቻው ካለው ነገር ሁሉ ከዚህ ያነሰ ፈላጊ ያለው የለም ብሎ ቆጥሮ ወደ መጨረሻው የቴፕ መደርደሪያ አሰናበተው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ተራ ሰው ሆን ብሎ እንኳ ሊሠራው እንደማይችል፣ ረጅም ትምህርትና ብዙ ስብሰባ እንደሚጠይቅ እመሰክራለሁ።

የሆነውም እንዲህ ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት፣ በአንድ እሑድ ረፋድ ላይ ሰማዩ ተከፈተ፤ ማስጠንቀቂያው የወንዙን መዝገብ ቢጠይቅ፣ የብረት ክንዱ በፈጣኑ ዲስክ ቦታ ያላገኙትን የሌሎች ክፍሎች ውሾች ሲያንሸራሽር ነበርና ወረፋ እንዲጠብቅ ተነገረው። መልእክቱ ሲደርሰን ጎረቤቴ የአገዳ ገበሬው ሲልቪዮ ፓቫኔቶ በትራክተር ማቆሚያው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ፣ እኔና የቦውሊንግ ክበባችን ሊቀ መንበር ሜርል ትራንተር ደግሞ በክበቡ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆመን ነበር። የሁላችንም ስልክ ባንድነት ጮኸ።

«ሜርል! አውጊ! ስሙኝማ!» አለ ሲልቪዮ፣ እኔንም በቁልምጫ ጠርቶ፣ ከጣሪያው፤ «‹በአካባቢዎ ጎርፍ ሊከሠት ይችላል› ይላል!»

«ሊከሠት ይችላል? ዳክዬዎቹ አዳራሽ ገብተው ቢንጎ ጀምረዋል በለው!» ብላ መለሰች ሜርል።

«ደግሞ ‹መኪናዎን ወደ ከፍታ ቦታ ያንቀሳቅሱ› ይላል!»

«ያንተዋ እኮ ቅድም በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተንሳፍፋ ስትሄድ አይቻታለሁ። አንተ ሳታነብ እሷ ሰምታለች!»

በሳቅ ብዛት በረንዳው እስኪናወጥ ድረስ ተጫወትን፤ ይሁን እንጂ በዚያው ሰዓት ከማዶ ያለችው ደልሲ ሀንራሃን ከነተሽከርካሪ ወንበሯ በመስኮት ወጥታ በትራክተር አካፋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን እንደ ንግሥት እያውለበለበች አለፈች፤ ነገር ግን ዝናቡ ሁላችንም ተኝተን ሳለ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ክቡርነትዎ፣ ይህን ደብዳቤ በዚህ ቃና ባልጻፍኩት ነበር።

አራተኛ፤ በስልክ ያስተናገደኝን ወጣት ባልደረባዎን ቶቢያስ ዊክሃምን ስለ ቅንነቱ አመሰግንልዎታለሁ። «ወይዘሮ ትሬሎር፣ እኔም ብሆን እናደድ ነበር፤ ግን መዝገቡን በእጃችን ወደ ፈጣኑ ዲስክ ካነሣነው ሙከራው ይበላሻል» አለኝ። ማንሣቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ጠየቅሁት። «እሱማ አሁን እያወራን ልጨርሰው እችላለሁ» አለ። «ታዲያ ምን ቀረህ ልጄ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሥርዓቱ ራሱ መማር አለበት» ሲል በታላቅ ኀዘን መለሰልኝ።

መማር ካለበት ዘንድ እኛ አስተማሪዎቹ ሆንን። በማዘጋጃ ቤታችን ድረ ገጽ ላይ «የቀድሞ ሙላቶች» የሚል ቁልፍ አለ፤ አንድ ሰው በተጫነው ቁጥር የወንዙ መዝገብ ይከፈታል። የክበባችን ሴቶች ኳስ አንከባለው ተራቸው እስኪደርስ ይጫኑታል፤ በመጠጥ ቤቱ ያልተጫነ ሰው ቢራ አይቀዳለትም፤ ሲልቪዮ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ይጫነዋል፤ በመንገድ ላይ ሰላምታችን እንኳ «ዛሬ ወንዙን ከፍተሃል?» ሆኗል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወንዙ እንቁራሪቶቹን ቀድሞ በፈጣኑ ዲስክ ላይ ተቀመጠ። ዶክተር ካስቴላሪ ደውለው ሊወቅሱን ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ኧረ እንቁራሪቶቹን ልሰማ ፈልጌ አይደለም የደወልኩት፤ ማን በለጠኝ ብዬ ነው!» ብለው ስቀው፣ አሁን እርሳቸውም ከእኛ ጋር ይጫናሉ።

ከዚያ ወዲህ በጣለው ዝናብ፣ መልእክቱ የደረሰን መንገዱ ገና አቧራ ሳለ ነው። ደልሲ በበሯ ወጣች፤ ፒያኖውም መድረክ ላይ ወጣ፤ ውሃው ግን ከክበቡ ሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሜርል ወገቧን ይዛ «ለዚች ለእግር መታጠቢያ ነው እንዲህ የተሰበርኩት?» እያለች አጉረመረመች፤ ከዚህ ይበልጥ የሚጥም ማጉረምረም በዕድሜዬ አልሰማሁም።

ነገር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በሰኔ የስኳር ፋብሪካው ፊሽካውን ይነፋል፤ የአገዳው ቆረጣ ሲጀመር እስከ ኅዳር ድረስ በማላራ ስልክ የሚይዝ ባዶ እጅ አይገኝም። የሚጫነው ሰው ሲጠፋ ወንዛችን ቀስ በቀስ ወደ ቴፑ ይወርዳል፤ የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ የሚደርሰውም ልክ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፦ ፊሽካው ሳይነፋ፣ ለቶቢያስ ፈቃድ ይስጡትና መዝገቡን በእጁ ፈጣኑ ዲስክ ላይ አኑሮ ከዚያ ማንም እንዳያነሣው ያድርግ። ሙከራዎ በአንድ መዝገብ ይጎድላል፤ ደልሲ ግን ዳግመኛ በመስኮት አትወጣም።

የማእከልዎ ጥላ በሁላችን ላይ እንዲረዝም፣ ማቀዝቀዣዎቹም ሳይታክቱ እንዲነፍሱ እየተመኘሁ፣ በተፈላጊነት ሰንጠረዥዎ ላይ ካለሁበት ዝቅተኛ ስፍራ ሆኜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ ባልደረባዎ፣ የአሁን ጎርፍ ተመልካችዎ፣
አውግስታ ትሬሎር
ማላራ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ማእከልዎ ለሕዝብ በሚያሳየው ሰንጠረዥ ላይ ዛሬ ጠዋት የማላራ ወንዝ አንደኛ ነው። ከሁሉ ግርጌ ያገኘሁት ሥርዓቱ የሰውን ፍላጎት እንዴት እንደሚያውቅ ያብራሩበትን የራስዎን ዘገባ ነው፤ ከወጣ ጀምሮ የከፈተው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ከደንቡ ነጻ የሚያደርገው ፊርማ ስለሌለው ሦስት ወሩ ሲሞላ ይሰረዛል። ሲልቪዮ ፓቫኔቶ በቆረጣውም ወቅት ቢሆን ጊዜ ፈልጎ በየእሑዱ ሊከፍትልዎ ፈቃደኛ ነው፤ እንዲያነበው እስካልተገደደ ድረስ።