አርባ አንዱ የጠመኔ ክብ

ጥር 6፣ ማክሰኞ

የገበያውን ጣቢያ ጨረስኩ። ሃያ ዘጠኝ ክብ።

ሥራው ያው ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን በመዶሻ ቆርቆር ማድረግ፣ ከዚያ ጆሮ መስጠት። ደህናው ልስን ድምፁ ድፍን ነው። የለቀቀው ግን ባዶ ጀሪካን የመቱ ያህል ይጮሃል። እሱን በሰማያዊ ጠመኔ እከብበዋለሁ። ክብ የበዛበት ጣቢያ ለእድሳት ይቀድማል። ያረጁት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች አስራ አንድ ናቸው፤ ክረምት ሳይገባ የሚታደሱት ሦስት ብቻ። የጥገና ቡድኑ ከዚያ በላይ አይችልም። የትኞቹ ሦስት? እሱን የምመልሰው እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መዶሻ ይዤ የዞርኩት ለዚህ ነው መሰለኝ...

ገበያው ላይ ካሉት ሁለት ደረጃዎች አንዱ ከተዘጋ አራት ዓመቱ። የሚወጣውም የሚወርደውም በቀረው ላይ ይጋፋል። ዛሬ ጠዋት ዓይኔ እያየ ሻንጣ የያዘ ሰውዬ አንዱን ገፋው። የተገፋው ዞሮ አፉን በቡጢ አለው። ከዚያ ማን ማንን እንደሚመታ ጠፋ። አንዲት ሴትዮ "ኧረ በፈጠራችሁ!" ብላ መሀል ስትገባ የአንዱ ክርን አፍንጫዋ ላይ አረፈ። ደሙ ደረጃው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ባቡር የሚያመልጣቸው ረግጠውት ወረዱ።

"አንድ ደረጃ ዝግ" ብዬ ሪፖርት ላይ እጽፋለሁ። በቃ፣ ሦስት ቃል።

ለእኔም ጀርባዬ ላይ አንድ ደርሶኛል። ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ... መዶሻው እጄ ላይ ነበር እኮ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

የቆዳ ፋብሪካው ጣቢያ። ታናሽ ወንድሜ ጥበቃ የሆነበት።

ስደርስ አንዱን ኪስ አውላቂ መሬት ላይ አጋድሞ ጉልበቱን ማጅራቱ ላይ ተክሎበታል። "እታለም፣ አንዴ ቆዪኝ" አለኝ፣ ስልክ እያወራ እንደሚያስጠብቅ ሰው። ከዚያ ሁለቴ በቡጢ። የልጁ ቅንድብ ተከፈተ።

"ተው! ትገድለዋለህ!"

"እዚህ መብራት የለ፣ ካሜራ የለ። ያለሁት እኔ ነኝ።"

ውሸቱን አይደለም። ከአስራ ስድስቱ መብራት የሚበራው አምስት ነው። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ እዚያ ጨለማው ጥግ በጩቤ ተወግታ ስልኳን ተቀምታለች። ደግሞ ይሄ ወንድሜ ድሮም እጁ ይቀድማል፤ ጭንቅላቱ እያለከለከ ይደርስበታል። ሠራተኞቹ "ዱላው" ነው የሚሉት። ይወዱታል ግን። ጣቢያውን እንደ ገዛ ቤቱ ነው የሚያየው።

ኮርኒሱ... ጉድ ነው። ከፋብሪካው የሚሰርገው ውሃ ብረቱን በልቶታል። ደረቱን ገልጦ እንደሚያሳይ በሽተኛ፣ አንዳንዱ ቦታ ብረቱ እስከነዝገቱ ይታያል። አርባ አንድ ክብ። እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ አንደኛ። ከትኬት መስኮቱ ፊት ካለው አግዳሚ በላይ ሦስቱ ተያይዘው የበር ስፋት አክለዋል።

"ይሄ ሥዕል ምንድነው?" አለኝ ወንድሜ አንጋጦ።

"ሥራ ነው።"

ለጣቢያ ሠራተኛ አንናገርም። ወሬው ወጥቶ ተሳፋሪው እንዳይደናገጥ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። ለገዛ ወንድም እንኳ? ለእሱም። ሳቀብኝ። "አርባ ምናምን ዓመትሽ ነው፤ ገና ግድግዳ ትሞነጭሪያለሽ" አለኝ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

አለቃዬ ጠራኝ። "ፈገግታ" ነው የምንለው፤ ሲስቅ ያየው ሰው ስለሌለ።

"የወንድምሽን ጣቢያ ልታስቀድሚው ነው ይባላል።"

"ማነው ያለው?"

"ይባላል።"

ደሜ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ አንድ ክብ ጨምሬ አላውቅም። ጮህኩ። እሱም ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አንስቼ ግድግዳው ላይ ፈረከስኩት። ስባሪው እሱ አጠገብ ወደቀ። ስባሪውን በጫማው ገፋ አድርጎ "በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮሚቴው ራሱ ዞሮ ይቆጥራል" አለኝ።

ይቁጠር! ክቡ እዚያው ነው፣ የትም አይሄድ።

ቤት ገብቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት። እማዬ "ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?" አለችኝ። ከማንም አልኳት።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

አንዴ ብጽፈው ይወጣልኝ ይሆን?

ሆስፒታሉን፣ ድልድዩን፣ ገበያውን አየን። ቁጥሩ ከእኔ ደብተር ጋር አንድ ነው። ኮሚቴው መሰላል አይወጣም፣ መዶሻም አይነካም። አንጋጦ ክብ ይቆጥራል፣ ይጽፋል። እንደዚህ ነው ልማዱ።

ከዚያ ቆዳ ፋብሪካ። ወንድሜ ዩኒፎርሙን አስተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ በር ላይ ቆሟል። ጥርሱ እስከ መንጋጋው ይታያል። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ "እታለም፣ አለቆችሽን ይዘሽ ትመጫለሽ ሲሉኝ አላሳፍርሽም ብዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ አስፈገፈግኩት። እኔም መሰላል ላይ ወጥቼ ፈተግኩ" አለኝ።

ቀና አልኩ። ኮርኒሱ ታጥቧል። ሰማያዊው የለም። የቀረው መሰላላቸው ያልደረሰበት ጥግ ብቻ ነው።



"ዘጠኝ" አለ ፈገግታ ቆጥሮ። "በደብተርሽ ስንት ነው?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አርባ አንድ ብል... እንዳልነው ለወንድሟ ስትል ጨመረች ይላሉ። ታጠበ ብል ወንድሜ ዛሬውኑ ከሥራ ይባረራል። እሱ ደግሞ ከኋላቸው ቆሞ፣ ምን እንደሠራ ሳያውቅ፣ ጎበዝ በይኝ የሚል ዓይን ይዞ ያየኛል። አንገቱን ይዤ ከአምዱ ጋር ባጋጨው ደስ ይለኝ ነበር። ፈገግታንም። ራሴንም።

"ዘጠኝ" አልኩ።

አልኩት እኮ። በአፌ። የእድሳት ዝርዝሩ ላይ ጣቢያው ስምንተኛ ሆነ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ፈገግታ ስብሰባ ላይ ነው አሉ። ነገ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

አልነገርኩም። ይህን ያህል ዓመት ቆሟል፣ እስከሚቀጥለው ዙር ምን ይለዋል... እያልኩ ነው ለራሴ። ወንድሜን ግን "አግዳሚውን ወደ በሩ አስጠጋው፣ እዚያ ያንጠባጥባል" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ያስጠጋው አያስጠጋው አልሄድኩም። ማየት ፈራሁ መሰለኝ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ወደቀ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ የሥራ መግቢያ ላይ። በስልክ ሰምቼ ሮጥኩ። ከደረጃው የሚወጣው አቧራ ዓይን አያስገልጥም። ሰው እየተረጋገጠ ይወጣል፤ አንዱ ጫማ የለውም፣ አንዱ ፊቱ ነጭና ቀይ ሆኗል። የበር ስፋት ያለው ልስን እስከነብረቱ አግዳሚው ላይ ነው የወረደው። አግዳሚው እዚያው ነበር፤ ወደ በሩ አልተጠጋም። ሥሩ አንዲት አስተማሪና አንድ ቁልፍ ሠሪ። የአስተማሪዋ እጅ ወጥቶ ይታያል። ጣቶቿ ላይ የነበረው ጠመኔ ይሁን አቧራ አላውቅም...

ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። "ይሄ ነው! ጥበቃው ነው! እያወቁ ነው ዝም ያሉት!"

ወንድሜ ልስኑን በባዶ እጁ ሲያነሳ ነበር። ከኋላው መጡበት። ዩኒፎርም የለበሰ ሌላ ሰው አላገኙማ። አንዱ በጃንጥላ እጀታ፣ አንዱ በጫማ፣ አንዱ ከወደቀው ልስን ቁራጭ አንስቶ። ያ እጁ የማያርፍ ወንድሜ እጁን አላነሳም። ጭንቅላቱን ይዞ ተኮራመተ። ደንዳና ነገር ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ እኔ አውቀዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰማሁት ነው። የሰው ጎን ሲመታ ሌላ ነው።

"እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አስር እርምጃ አይሆንም በመካከላችን። የመሥሪያ ቤቱን ሰደርያ ለብሼ ነበር። አውልቄ እግሬ ሥር ጣልኩት።

ፖሊስ እስኪደርስ ቆሜ አየሁ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሁለቱም ሞተዋል። አምስት ቆስለዋል። ስድስተኛው ወንድሜ ነው።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። ግራ ዓይኑ ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሙ አልቆረጠም። ምግብ አልቀምስ ብሏል። እማዬ በማንኪያ ስታስጠጋለት ከንፈሩን ይዘጋል።

እማዬ ስትወጣ ጠበቀና፣ "ክቡ ምን ማለት እንደሆነ ነገሩኝ" አለኝ።

"ማን?"

"ከኮሚቴው የመጡት። ማን አጠበው አሉኝ። እኔ አልኩ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሁለት ሰው ገደልኩ፣ እታለም።"

ምን አልኩት? "አርፈህ ተኛ" አልኩት። እሱን ነው ያልኩት። ወጥቼ የሽንት ቤቱን በር በእርግጫ መታሁት፤ የእግሬ ጥፍር ወለቀ።

ፈገግታ ኮሪደሩ ላይ ጠብቆኛል። ድምፁ የለሰለሰ ነው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት። "ደብተርሽ ዘጠኝ ነው የሚለው፣ አይደል? አንቺም እኔም ያየነው ዘጠኝ ነው። ያጠበው ጥበቃው ነው። እንዲያ ከሆነ ማናችንም አንነካም።"

ማናችንም። ወንድሜስ? እሱ ሰው አይደለም?

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ወንድሜን ትናንት ወደ ቤት መለሱት። ዛሬ ቀትር ላይ በሳሎኑ መስኮት ድንጋይ ገባ። ሁለተኛም። የመስታወቱ ስባሪ የእማዬን ግንባር ቆረጠው። ውጭ የቆመው የአስተማሪዋ ባል ነበር፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል፣ ያንን አላወቀውም። "ገዳይ! ና ውጣ!" ይላል። ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ ሊወጣ ተነሳ። "ልቀቂኝ፣ ይግደለኝ" አለኝ። ያዝኩት። በአንድ ዓይኑ፣ በተሰበረ ጎኑ፣ ታገልን። እማዬ ደሟ በአገጯ እየወረደ ሁለታችንንም በነጠላ ጫማዋ መታችን። "ልጆቼን አልቀብርም! አልቀብርም!"

ሰውዬው መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰና ሄደ።

ከዚህ በኋላ ዝም ብል ምን ነኝ?

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

መርማሪዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ደብተሬን ሰጠሁ። አርባ አንድ፣ በእጄ ጽሕፈት፣ ቀኑ አለበት። "ታዲያ ለምን ዘጠኝ አልሽ?" አሉኝ። "ፈርቼ" አልኩ። "ማንን?" ወሬን። ሰው ለወንድሟ አደላች እንዳይለኝ። ስናገረው በጣም ትንሽ ነገር ሆነብኝ። ጸሐፊዋ መጻፏን አቁማ አየችኝ።

ፈገግታ በር ላይ ሲያልፍ ሆን ብሎ በትከሻው ገጨኝ። ከሥራ ታግጃለሁ። ክስም ይመጣል አሉኝ። ይምጣ።

ቆዳ ፋብሪካው ተዘግቷል። አንደኛ ሆኖ ሊታደስ ነው አሉ። አሁን።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ዛሬ ወንድሜ መታኝ።

ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። አንተ ከማጠብህ በፊት ቆጥሬዋለሁ። አርባ አንድ ነበር። እንደታጠበ ቀና ስል ነው ያወቅኩት። ጠየቁኝ፣ ዋሸሁ። አስራ ሦስት ቀን ነበረኝ፣ አስራ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ሲደበድቡህም ቆሜ ነበር፤ አስር እርምጃ አይሆንም፣ ሰደርያዬን አውልቄ ጥዬ።

በቀረችው ዓይኑ አየኝ። "አውቀሽ?"

"አውቄ።"

"አስራ ስድስት ቀን... እኔ ገደልኩ ብዬ ስቃጠል እያየሽኝ?"

"አዎ።"

እጁ መቼ እንደተነሳ አላየሁም። ወለሉ ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት፣ አፌ ደም ሞልቶ። ከልጅነታችን ጀምሮ ያን ሁሉ ሰው ሲመታ እኔን አንድ ቀን ነክቶኝ አያውቅም። ሊደግመኝ ቆመ። ጠበቅኩት። ጎኑን ይዞ አቃሰተና መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ እንደ ሕፃን ድምፁን ከፍቶ አለቀሰ፤ "እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም" እያለ።

እማዬ ሮጣ ገባች። እሱን አየች፣ እኔን አየች። የቱን እንደምታነሳ ጠፋት።

"ራበኝ" አላት።

ሾርባውን አመጣችለት። ዳቦውን እየቆረሰ፣ እያለቀሰ፣ አንድ ሰሃን ጨረሰ። ጨምሪልኝ አላት። ጨመረችለት። እኔን አላየኝም፤ ውጪም አላለኝም።

መንጋጋዬ አልከፈት ስላለኝ እኔ አልበላሁም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ሲበላ አየሁት።