ሙሉዬ፣ ዘንድሮ ዕረፍት ወጣሁ

ሙሉዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ ጽፎ የማያውቅ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው እንዳትዪ። አንቺ እያለሽ መጻፍ ቀርቶ ማውራትም አያስፈልገኝም ነበር፣ የእኔንም ድርሻ አንቺ ታወሪልኝ ነበር። ዛሬ ግን የምነግርሽ ነገር አፌን ሞልቶት አላስቀምጥ አለኝ። ዕረፍት ወጥቻለሁ! አዎ፣ እኔው ባልሽ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ ነገ ገና ነው፣ ሁለቱም ልጆች እቤት ናቸው።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ለምነሽኝ እምቢ ያልኩት ነገር ነው። የእኛን ልማድ ታውቂዋለሽ። ኢገን ከተማ እምሠራበት መጋዘን ውስጥ የፈረንጆቹን ገና እኛ እንሠራላቸዋለን፣ በእኛ ገና ደግሞ እነሱ ይሸፍኑልናል። ለእኔ ጥሩ ውል ነበር፣ ለልጆቹ ግን አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ሥራ ነኝ፣ እኔ ዕረፍት ስሆን እነሱ ክፍል ናቸው። አንቺ መሃል ሆነሽ ሁለቱንም በዓል ታደምቂው ነበር፤ እኔ ደርሼ የተረፈውን እበላለሁ።

አምና ልጃችን ሊዲያ ከቺካጎ መጥታ ነበር። ከሥራ ስመለስ እሷና ወንድሟ ናሆም ሶፋው ላይ በየስልካቸው አቀርቅረዋል። እንዴት ዋላችሁ አልኳቸው፣ በእንግሊዝኛው "ጉድ" አሉኝ፣ በዚያው አለቀ። ያንቺን ስም ማንም አያነሳም። እኔ እነሱን ላለማስከፋት ዝም እላለሁ፣ ለካ እነሱም እኔን ላለማስከፋት ኖሯል። በሁለተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ደውላ፣ ሥራ የምትገባ ከሆነ ገናን ጓደኛዬ ቤት አሳልፋለሁ አለችኝ። ልጅቷ ከእጄ እየወጣች መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው ሙሉዬ። ናሆምም በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ ይገባል፤ እሱም ይህን ቤት ከጠላው እኔ ብቻዬን ከቴሌቪዥኑ ጋር ልቀር ነው። ማርያምን፣ ዕረፍት እወጣለሁ ብዬ ማልኩላት።

ከዚያ ያደረግሁትን ጉድ ስሚ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሳንድዊቼን በአንድ እጄ እንደያዝኩ፣ የዕረፍት መጠየቂያውን ቅጽ ሞላሁ። ከፈረንጆቹ ገና ጀምሮ አሥር ቀን ልጠይቅ ነው። ገና ደግሞ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው። እጄ ዲሴምበር ሃያ ዘጠኝ ብሎ ጻፈው! የፈረንጆቹ ሃያ አምስት መሆኑ ትዝም አላለኝ። አለቃዬ ወዲያው ፈረመልኝ። የሥራ ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ግን በሃያ አምስት፣ በሃያ ስድስት፣ በሃያ ሰባት ሁሉ ስሜ ተደርድሯል። ሊዲያ የምትመጣው ከሃያ አምስት እስከ ሃያ ስምንት ነበር።

ከድርን ታስታውሺዋለሽ፣ አብሮኝ የሚሠራው፣ ሳምቡሳ ትልኪለት የነበረው። እሱም በዚያው ፈረቃ ገቢ ስለሆነ ሊቀይረኝ አልቻለም፣ ግን እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት ሚኒሶታ ኖረህ ዛሬም በአገር ቤት ቀን ነው የምትቆጥረው? በል ካርህ ውስጥ ግባና ልጅቷን ኮል አድርጋት፣ እኔ ጋ አትገተር" አለኝ።

ለገዛ ልጄ መደወል ፈራሁ። ስልክ ሲጮኽ አንስቼ ላንቺ ማቀበል እንጂ ማውራት መቼ ለምጄ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩና ሁሉንም እንዳለ ነገርኳት። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ያ ከአፍንጫ የሚነሳው ያንቺ ሳቅ። "ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ! አር ዩ ሲሪየስ?" እያለች ትንፋሽ አጠራት። "ማሚ ይህን ብትሰማ..." አለችና ቆመች። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ "ብትሰማማ እስከ ፋሲካ ታወራው ነበር" አልኳት። እንደገና ሳቀች። በማግሥቱ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ቀን ተቀያየረች፣ ቲኬቷን ቀየረች፣ በእኔ ስህተት ልክ ከሃያ ዘጠኝ እስከ እኛው ገና አደረገችው። ገና ደግሞ ዘንድሮ እሑድ ዋለ፣ ናሆምም ትምህርት የለበትም።

ምን ሠራችሁ ካልሽኝ፣ ምንም! ወሬ ብቻ። ብርዱ ከቤት ስለማያስወጣ ተቀምጠን እንቀደዳለን። ስልክ ስዘጋ ሦስት ጊዜ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ባይ" እንደምል ነገሩኝ፤ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ናሆም ቁመቱ እኔን አልፎኛል፣ አሁንም ፎሶሊያውን ለቅሞ ወደ ሳህን ጠርዝ ያወጣል። ካፖርትሽ ካንቺ በኋላ በሩ ጋ እንደተሰቀለ ነበር፣ ማንም አይነካውም። ማክሰኞ ዕለት ሊዲያ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ዝም ብላ ለበሰችው። እጅጌው አጥሯታል።

ሐሙስ ስኔሊንግ አቨኒው ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሄደን የጾም በያይነቱ በላን። የነዳው ናሆም ነው፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። በረዶውን ፈርቶ ሲያዘግም ሊዲያ "ዩ ድራይቭ ላይክ ማሚ" አለችው። በቃ፣ ያንቺ ወሬ ተከፈተ! ሃይዌይ ላይ በሃያ አምስት ማይል ስትሄጂ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ሲነፋብሽ፣ አንቺ ሰላምታ መስሎሽ በመስኮት እጅሽን ስታውለበልቢላቸው። ናሆም ሳቁ መሪ አላስይዝ ብሎት ጥግ ይዞ አቆመ። ሦስታችንም እዚያው መኪና ውስጥ ሳቅን፣ እኔማ አለቀስኩም። ናፍቀሽኝ ነው ያለቀስኩት፣ ደግሞም ደስ ብሎኝ። ልጆቹ ሲያዩኝ አልደነገጡም፤ ሊዲያ ከኋላ ሆና ትከሻዬን ያዘችኝ።

ዛሬ ጠዋት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና "አባዬ፣ ለኔክስት ዪር መቼ ኦፍ ትወስዳለህ? እኔም አሁኑኑ ሪክዌስት ላድርግ" አለችኝ። ናሆም ከወጥ ቤት ሆኖ በእንግሊዝኛው፣ ቅጹን ግን አባዬ እንዳይሞላው ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ይመጣሉ ሙሉዬ። ቤታችን ቤት ነው።

ነገ ሦስታችንም ነጠላ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ ሻማ አበራልሻለሁ። ከሻማው በላይ የምገባልሽ ቃል ግን ይህ ነው፦ ከእንግዲህ ስምሽን አፍነን አንቀመጥም። ምሳ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ስልክ ላይ እናነሳሻለን፣ እንስቅብሻለንም፣ ቻዪን። አሁን ልነሳ። ልጆቹ ስለ አንቺ ተከራክረው እንድዳኛቸው እየጠሩኝ ነው።

ያንቺው ጌታቸው