ትርኢት ሁለት ጊዜ ያስቆሙት የእታለም የሕይወት ታሪክ

በቤተሰብ «እታለም»፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ «ቀስ በሉ» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ አራት ልጆች ተከታትለው ስለመጡ ቤቱ ጠበበ፤ ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ላይ የሚራኮቱትን ታናናሾቻቸውን ተራ አስይዘው የሚያስታጥቡት እታለም ነበሩ። የተጋፋ መጨረሻ ይታጠባል። ሕጉን ማን እንዳወጣላቸው ባይታወቅም አባታቸው እንኳ ሳይቀሩ ያከብሩት ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. አጠናቀቁ። እናታቸው አዋላጅ እንዲሆኑላቸው ብዙ ቢወተውቱም፣ እታለም ደም ሲያዩ ራሳቸውን ይስቱ ነበርና ነገሩ በአጭሩ ተቀጨ። በአንድ ሲኒማ ቤት ትኬት ሲቆርጡ ቆይተው በ1973 ዓ.ም. በትልቁ አዳራሽ በአስተናባሪነት ተቀጠሩ። ሥራው ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ የመገናኛ ሬዲዮ ይዞ፣ ጀርባን ለመድረኩ ፊትን ለሕዝቡ ሰጥቶ መቆም ነው። ስንቱ ዝነኛ ከኋላቸው ሲዘፍን እሳቸው አንዱንም በቅጡ አላዩም። ሰው ሲጠይቃቸው «ድምፁ ጥሩ ነው፤ መልኩን እናንተ ንገሩኝ» ይሉ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከአዳራሹ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሠረቱ። እውነቱን እንናገር ከተባለ የተዋወቁት በጭቅጭቅ ነው። የአንዱ መውጫ በር መብራት ተቃጥሎ ሰውየው «ነገ፣ ነገ» ሲሉ ጊዜ፣ እታለም መሰላሉን ራሳቸው ተሸክመው ሰውየው ፊት ገተሩት። አምፖሉ ያኔውኑ ተቀየረ። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል፤ ልጆቹም ሲኒማ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የመውጫውን በር በጣታቸው ካላሳዩ ፈንዲሻ አይገዛላቸውም ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ያልታሰበ ነገር ገጠማቸው። ሕዝብ በሞላበት ሰው ሲወድቅ ከፍ ካለ ቦታ ላየው ጉድጓድ የተከፈተ ይመስላል። እታለም በአዳራሹ መሐል እንዲህ ያለ ጉድጓድ ድንገት ሲከፈት አዩና በሬዲዮ «አቁሙ!» ብለው ጮኹ። ሙዚቃው ቆመ፣ መብራቱ በራ። ለካ ወጣቶቹ ተነጋግረው ቁጢጥ ብለው ኖሯል፤ ከበሮው ሲመታ አንድ ላይ ሊዘሉ! አዳራሹ በሳቅና በፉጨት ተናጋ። የትርኢቱ አዘጋጅ ግን አልሳቁም፤ እታለም በማግስቱ ወደ ኮትና ጃንጥላ መቀበያው ተዛወሩ።

ከጊዜ በኋላ ወደ አዳራሹ ቢመለሱም የቀድሞዋ እታለም አልነበሩም። ሬዲዮው ወገባቸው ላይ ይንጠለጠላል እንጂ አይናገሩበትም። ያዩትን ነገር ለጎረቤት አስተናባሪ ሹክ ብለው ዝም ይላሉ። ባለቤታቸው ሊያጽናኗቸው ሲሞክሩ «ደግሞ ብሳሳትስ?» ነበር መልሳቸው። ኮት መቀበሉ አልነበረም ያንገበገባቸው፤ ዓይናቸውን መጠራጠራቸው ነው። ዓይኑን የማያምን አስተናባሪ ምን ቀረው? ቤተሰቡም እንደዚያ ሲሆኑ እያየ አንጀቱ ያርር ነበር።

በ1991 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ ውጭ ከባድ ዝናብ ጣለ። በረንዳ ላይ የቀረው ሁሉ ሊጠለል ወደ ውስጥ ገፋ። ከኋላ ያለው ፊት ምን እንዳለ አያይም፤ ፊት ያለው ከመድረኩ ሥር ካለው የብረት አጥር ጋር ተጣብቋል። እታለም በመድረኩ ግራ በኩል ዓይናቸውን ጣሉ። ሕዝቡ የሚወደው ዘፈን ተጀምሮ በዚያ ጥግ የሚያጨበጭብ የለም። እጅ ማንሻ ቦታ ጠፍቷላ! ፊቶች አየር ፍለጋ ወደ ጣሪያ ቀና ብለዋል፣ ሰዎቹም በገዛ እግራቸው ሳይሆን ሌላው ሲወዘወዝ አብረው ይወዛወዛሉ። የወደቀ ሰው ግን አልታያቸውም። ሬዲዮውን አነሱ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ «እርግጠኛ ነዎት?» ብለው ጠየቋቸው።

«አይደለሁም፤ ግን አቁሙት» አሉ እታለም።

ሥራ አስኪያጁ አመስግነን የማንጨርሳቸው ሰው ናቸው፤ አስቆሙት። መብራት በራ፣ መግቢያው ተዘጋ፣ የጎን በሮች ተከፈቱ፣ ዘፋኙም የኋለኞቹን በትሕትና ወደ ኋላ እንዲሉ ለመነ። ከአጥሩ ሥር ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች በእጅ እየተነሡ ወጡ። አንዲት ሴት ክንዷ ተሰብሯል፤ የሞተ ግን አንድም አልነበረም። ምን ሆነ ሳያውቅ ያጉረመረመው ብዙ ነው፤ አንዱማ እታለም ላይ የውኃ ፕላስቲክ ወረወረ። እሳቸው ግን ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ባለቤታቸውን አቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ደግሞ መሳቅ ጀመሩ።

ምን እናድርግልዎ ሲባሉ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቅንነት ትርኢት ያስቆመ አስተናባሪ፣ ቢሳሳት እንኳ እንዳይቀጣ። ተፈቀደላቸው። በጡረታ እስከተገለሉበት እስከ 2009 ዓ.ም. አዳዲስ አስተናባሪዎችን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ያ የቁጢጡ ታሪክ ሲሆን፣ በሚያማቸው ጉልበት ራሳቸው ቁጢጥ ብለው ያሳዩና ተማሪዎቹ ደግፈው ያነሷቸው ነበር።

በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ከገቡ በኋላም ጠያቂ ሲበዛ «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ» እያሉ ሲያስተናብሩ ሰነበቱ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እታለም ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አራት ታናናሾቻቸውን ትተው አልፈዋል። ደግሞም ያን እሑድ ትርኢቱ ተቋረጠብን እያሉ ወደየቤታቸው የገቡትን ሁሉ ትተው አልፈዋል። እነዚያ ሰዎች ራታቸውን በልተው ተኝተዋል፣ በማግስቱ ሥራ ገብተዋል፣ ከመካከላቸው ያገባም የወለደም ሞልቷል። ስማቸውን አናውቅም፤ እነሱም የእታለምን አያውቁም። ቢሆንም ከቤተሰቡ ጋር አብረን ጽፈናቸዋል።

ፈጣሪ በሩን ወለል አድርጎ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።