የቺያኦ ስርጉድ

ቺያኦ ወንድሜ፣

ቤጂንግ ሙዚየም ገብቼ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ያቺ በወጣትነታችን የሠራናት አጭር መትረየስ መስታወት ውስጥ እንደ ሙሽራ ተጎልታለች! አስጎብኚዋ፣ "እጀታዋ ላይ ያለው ስርጉድ የአውራ ጣት ማረፊያ ነው" ስትል ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። የአሜሪካኑን ናሙና ስንገለብጥ፣ ወድቆ የተሰረጎደበትን ሳይቀር የገለበጥከው አንተ! አለቃችን፣ "ዝንብ ቢያርፍበት ዝንቡንም ልትሠራልን ነበር?" ያለህ ትዝ ይልሃል?

"የት እንደተሠራች በምን አወቃችሁ?" አልኳት።

"ማህተም የላትም። የታይዩዋን መሣሪያ ፋብሪካ ሥራ መሆኗ የታወቀው በስርጉዷ ነው" አለችኝ።

እንደ ታይዩዋናችን ሳይሆን፣ እዚህ ኑድል ያለ ኮምጣጤ ይበላል፤ ጉድ እኮ ነው! ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ዩሜይን ሰላም በልልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን "ስርጉዱ" እያለች እንዳሾፈችብህ፣ ይቺን ካርድ ራሷ ጮክ ብላ ታንብብልህ።

ሃን