ሁለት ልጅ በአንድ ወረቀት

ኤል ካሪሳል፣ ጌሬሮ፣ ሜክሲኮ
ጁን 9 ቀን 2025

ለምወድህ ልጄ ለፓዮ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ የኔ ጌታ? እኛ ደኅና ነን። አባትህም ጀልባውም መረቡም ደኅና ናቸው፤ መቀመጫ ያጣችው የኔ ምላስ ብቻ ናት፣ እሷም ዛሬ ይለይላታል። ይህን ደብዳቤ የአውቶቡስ ሾፌሩ ኤውሎሂዮ ከደረቅ ሽሪምፕ ጋር ያደርስልሃል። ሽሪምፑን ደብቀው፤ ያ አካዳሚው ውስጥ ክፍል የሚጋራህ የሶኖራ ልጅ ባለፈው አንድ ከረጢት ሙሉ ጠራርጎ በልቶብህ የለ! ደብዳቤውን ግን ብቻህን ሆነህ አንብበው።

በስልክ ያልነገርኩህ ምክንያት አለኝ። አንተ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገዋለህ፣ ቤቱ ሙሉ ልጅ እናትህን ያዳምጣል። ደግሞም ስልክ ላይ ካለቀስኩ ነገሩን አልጨርሰውም። ወረቀት ላይ ባለቅስ ማን ያየኛል?

ባለፈው ወር የላክልኝን የድምፅ መልእክት ዓሣ እየጠበስኩ ነው የሰማሁት። «እማ፣ ጁን መጨረሻ ላይ ከአካዳሚው ሊለቁኝ ነው። ኃላፊው ዮሪስ ቢሮው ጠርቶ፣ ኳሱን ታውቀዋለህ፣ ሰውነትህ ግን ለአስራ ሰባት ዓመት ልጅ አይበቃም አለኝ። ምንም አይደል፣ እመጣለሁ፣ ከአባዬ ጋር ዓሣ አጠምዳለሁ» ነው ያልከው። ምንም አይደል! ምንም አይደል የሚል ሰው እንደዚያ አፍንጫውን ይስባል? አራት ጊዜ ሰማሁት። ጀልባ ሠሪው ናቦር ሳህኑን አንሥቶ እያየ፣ «ኤርሜሊንዳ፣ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ ከሰል?» አለኝ። «ከሰል ነው፤ ብላና ዝም በል» አልኩት።

አሁን ቁጭ በልና ስማኝ። ከሰማህ በኋላ የፈለግከውን ያህል ተቆጣኝ። አንተ አስራ ሰባት ዓመት አልሞላህም። አስራ አምስት ዓመት ከሰባት ወርህ ነው። ወረቀትህ ላይ ያለው የልደት ቀን ያንተ አይደለም። ኤሊሴዎ የሚለውም ስም ያንተ አይደለም፣ የወንድምህ ነው። አዎ፣ ወንድም ነበረህ።

ኤሊሴዎ በፌብሩዋሪ 2008 ተወለደ። አባትህ በደስታ ሊያብድ ምንም አልቀረውም፣ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ወረዳ ከተማ ሄዶ አስመዘገበው። በኛ መንደር ይህን ያህል ቸኩሎ ልጅ ያስመዘገበ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ሰዉ ስቆበት ነበር። ልጁ ዓመት ከሁለት ወሩ ላይ ትኩሳት ያዘው። ኮኮናት በጫነ መኪና ወደ ሐኪም ቤት ስንከንፍ፣ መንገዱን ሳናጋምስ እቅፌ ውስጥ አለፈ። መቃብር ቦታው ውስጥ ከአያትህ ጎን ያለችው ትንሿ መቃብር የሱ ናት። በየዓመቱ የሙታን ቀን ሲደርስ መስቀሏን ሰማያዊ የምትቀባው አንተ ነበርክ። «የማን ናት?» ስትለኝ «የዘመድ ልጅ» እልህ ነበር። ዘመድ! ምነው አፌ በተሳሰረ።

እሱ ሲሞት አንተ የሁለት ወር ጽንስ ነበርክ። ኖቬምበር 14፣ በቅዱስ ሴራፒዮ ዕለት ተወለድክ። አያትህ የቀን መቁጠሪያውን አይታ «ስሙ ሴራፒዮ ነው፣ አለቀ» አለች። አባትህ «ይህን ስም ይዞ የትኛዋ ልጅ ታገባዋለች?» ብሎ ሳቀ፤ ያን ዓመት የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ፓዮ የምንልህ ከዚያ የመጣ ነው እንጂ እንደሚመስልህ የቁልምጫ ጨዋታ አይደለም። መዝገብ ቤት ግን አልወሰድንህም። መጀመሪያ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፣ ከዚያ የመረብ ጥገና መጣ፣ ከዚያ ዛሬ ነገ ስንል ቀረ። ትምህርት ቤት የልደት ወረቀት አምጡ ሲለን ቆርቆሮ ሳጥናችን ውስጥ አንድ ነበረ። ወንድ ልጅ፣ አባት ክሪሶፎሮ፣ እናት ኤርሜሊንዳ ይላል። ምን ጎደለው? ሰጠን።

በኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ታውቀዋለህ። ናቦር ራሱ የሞተ ታላቅ ወንድሙን ወረቀት ይዞ ነው ያረጀው፣ አንድም ሰው ምን ነካህ አላለውም። አንተን ግን አምስት ዓመት ሳይሞላህ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር አስቀመጥኩህ። መምህርቷ «ይሄ ልጅ ምነው አነሰ?» ስትለኝ «አባቱም አጭር ነው» አልኳት። አባትህ በር ላይ ቆሞ ይሰማኝ ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳልኝም።

ታዲያ ዕድሜህን በሙሉ ከሁሉም ያነስክ ሆነህ ኖርክ። ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ትልልቆቹ «ትንኝ» ይሉህ ነበር። በጉልበት ስላልቻልካቸው በእግራቸው መሃል ማለፍን ተማርክ። ያ ከአውሮፓ ድረስ የኛን ልጆች ሊለቅም የመጣው ክለብ መልማዩን ወደ መንደራችን ሲልክ፣ ሰውዬው ያየው ይህንኑ ነው። «ይህ ልጅ ከየት አመጣው?» እያለ ቁምጣውን በአሸዋ ሞልቶ ሲጨፍር ነበር። ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ወረቀቱ ተበላሽቷል ብለው ጥለውህ እንዳይሄዱ ፈራሁ። የአስራ ሦስት ዓመት ተኩል ልጄን አስራ አምስት ነው ብዬ ሸኘሁት።

ቲሁዋና ለውድድር የሄዳችሁ ሳምንት እኔ ኬሬታሮ፣ አካዳሚያችሁ ውስጥ ነበርኩ። አትደንግጥ። ዐይን ዐይንህን እያየሁ መናገር ስላልቻልኩ የሌለህበትን ሳምንት መርጬ ነው፤ ፈሪ በለኝ፣ ይገባኛል። ምግብ አብሳይዋ ኦብዱሊያ ክንዴን ይዛ ዮሪስ ቢሮ ድረስ አደረሰችኝ። ዶክተርዋም ነበረች። የነገርኩህን ሁሉ ነገርኳቸው።

ዮሪስ አቋርጦ አልተናገረኝም፣ ይህን አልክድም። ስጨርስ ግን ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ «ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ፣ እዚህ አገር ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የዕድሜ ማጭበርበር ዓይነት ያላየሁት የለም። ጢሙን ተላጭቶ የመጣ የአስራ አራት ዓመት ልጅ አይቻለሁ» አለኝ።

«እነሱ ዕድሜ ቀንሰው ነው የመጡት። የኔ ወረቀት የጨመረ ነው። ላታልልህ ብፈልግ ልጄን የሚጎዳ ውሸት እመርጣለሁ? እንዲህ ያለች ሞኝ እመስልሃለሁ?»

«አይመስሉም። ግን እንለቀዋለን ባልንበት ወር ነው የመጡት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ማን ያምናል?»

ደሜ ፈላ። ተነሣሁ። እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ እኩል ነበርን፣ ያ ምሰሶ።

«ስማ ልጄ» አልኩት፤ «እመነኝ ብዬ አልለመንኩህም። ዕድሜ ይደብቃል ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ልጅ ሁሉ እጁን ራጅ ታነሡታላችሁ፣ አይደለም? የኔን አነሣችሁት? አላነሣችሁትም! ትንሽ ነዋ! ትንሽ ልጅ ዕድሜ ያጭበረብራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? አንሡት። እኔን ተውኝ፣ አጥንቱን ጠይቁት።»

ዶክተርዋ ወደ ኮምፒዩተሯ ዞረች። የሆነ ነገር አየችና፣ «እውነቷን ነው፣ የሱን አላነሣንም» አለች። «ደግሞ በሁለት ዓመት አስራ አንድ ሳንቲ ሜትር አድጓል። ለአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ይበዛል ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያየልኝ የለም።»

ዮሪስ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገው። «ጥሩ፣ ከቲሁዋና ሲመለሱ እናነሣዋለን። ግን ልንገርዎት፣ ራጁ እርስዎ ያሉትን ቢልም በሌላ ሰው ወረቀት ሁለት ዓመት ተጫውቷል። ፌዴሬሽኑ ሊያግደው ይችላል። የፍርድ ቤት ዳኛ ያጸደቀው ወረቀት እስኪመጣ ድረስ አንድም ጨዋታ አይሰለፍም። ከዚያ በኋላ፣ ምናልባት በጃንዋሪ፣ ከእኩዮቹ ጋር እናየዋለን። ቃል አልገባም።»

«ቃል ማን ጠየቀህ? መዝገብህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ከአስራ ሰባቶቹ ጋር ተጋፍቶ የተጠባባቂ ወንበር አላሞቀም በል። ይህን ጻፍና ከዚያ ካስወጣኸው አስወጣው።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም፣ እስክሪብቶውን አነሣ። ኦብዱሊያ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖራ «በርቺ እቴ!» ብላ ጮኸች፤ ዶክተርዋ ሳቋ አመለጣት።

እቤት ስመለስ አባትህ ከጀልባው ሥር ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ቀና ሳይል፣ «ልጁ ይምጣ። ጀልባው ላይ ቦታ አለ። የሞተውን ተይው፣ ይረፍበት» አለ። «ጀልባው ላይማ መቼም ቦታ አይጠፋም! የአካዳሚውን ቦታ ግን አንዴ ከለቀቀው ማን ይመልስለታል?» ብዬ ጮህኩበት። ጎረቤት ወጣ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም፣ ዓሣውን እንኳ በናቦር በኩል ነበር የሚልክልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ በር ላይ ቆመና፣ «እንሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደግ ናት። ወረቀታችንን ሁሉ አገላብጣ ካየች በኋላ፣ «እናቴ፣ ለዚህኛው የልደት ወረቀት ለማውጣት መጀመሪያ የዚያኛው ሞት መመዝገብ አለበት። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው አይኖርም። ያለዚያ ዳኛው ፋይሉን አይቀበለንም» አለች።

የተያዝኩት እዚያ ላይ ነው። ፓዮ፣ ዝናቡም መረቡም ዛሬ ነገ ማለቱም እውነት ነው፣ ግን ከሥሩ ሌላ እውነት አለ። ወረቀቱ ላይ ኤሊሴዎ አልሞተም ነበር። ለክትባት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክለቡ ባሳየሁት ቁጥር ያ ልጄ ያድግ ነበር። ጨዋታህን በስልክ ስትልክልኝ ሰዉ «ኤሊሴዎ! ኤሊሴዎ!» ሲል እኔም አብሬ ስጮህ፣ የምጮኸው ላንተ ብቻ አልነበረም። አሁን አልክድህም። ያንተን ላብ ለሱ አካፈልኩት። ዕድሜውን ደግሞ ጫንኩብህ፣ ክብደቱ ሊሰብርህ እስኪደርስ ድረስ። ይቅር በለኝ አባቴ። ዛሬ ካልቻልክ ሌላ ቀን ይቅር በለኝ።

ልጅቷ «የሞተበት ቀን?» አለችኝ። ከነሰዓቱ ነገርኳት። «ምስክር?» ስትል አባትህ «እኔ» አለ። ፈረምኩ።

እንግዲህ የሚጠብቅህን ልንገርህ። ዶክተርዋ ስትጠራህ ሂድ፣ እጅህን ስጣት። የዳኛው ቀጠሮ ኦገስት 12 ነው፣ አብረን እንቆማለን። ሴራፒዮ የሚለውን ስም ከጠላኸው ለዳኛው ራስህ ንገረው፣ እኔ አልቀየምም፤ አያትህ ግን ከመቃብር ተነሥታ ብትቆጣህ እጄ የለበትም። ቢያግዱህ እስኪያበቃ ድረስ እዚህ ሐይቁ ዳር ትጫወታለህ፣ እዚህ ማንም ወረቀት አይጠይቅህም። በጃንዋሪ ባይቀበሉህ ክለብ እነሱ ብቻ አይደሉም፣ በሩን ሁሉ አንኳኳለሁ፤ ድምፄን ዮሪስ ያውቀዋል። አጭበርባሪ ብሎ የሚጠራህ ካለ ደግሞ አጭበርባሪዋ እናቴ ናት፣ አድራሻዋ ይኸው በለው። ስማኝ፣ «ሰውነቴ አይበቃም» የሚል ቃል ሁለተኛ ከአፍህ እንዳይወጣ። ሁለት ዓመት ያህል ከሚበልጥህ ልጅ ጋር እያስተያዩህ ነው ያነስክባቸው። አሁን ገና ከራስህ ጋር ልትለካ ነው።

ሽሪምፑ ጨው በዝቶበታል፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው። ኦብዱሊያን ሳምልኝ። አባትህ ሰላም ብሎሃል፤ ማለቴ አላለም፣ ይህን ስጽፍ ግን ከአጠገቤ አልተነሣም።

እመቤታችን በጎዶሎ ቀን ከጎንህ ትቁም። እግርህን ከስብራት፣ ልብህን ከቂም ትጠብቅልኝ። የተወለድክበት ቀን ቅዱስ፣ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ የረሳነው፣ አንተን አይርሳህ።

እናትህ ኤርሜሊንዳ፣
የኤሊሴዎ እናት፣ የሴራፒዮም እናት