ምረቃ ሲጠብቅ ስለከረመው የደም መመርመሪያ

ለክቡር የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ይልቁንም የራኒቾርን ዳገት ሲወጡ ለሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ፣ ፍጹም ደህንነትን እመኛለሁ። እኔ የራኒቾር ጤና ኬላ ሠራተኛ ቲርታ ጋርቲ ነኝ፤ ምስጋናዬ ስለበዛ በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

፩ኛ. ከጣት በምትወሰድ አንዲት የደም ጠብታ የባክቴሪያ ኢንፌክሽንን ለመለየት የሚረዳ መሣሪያ ስለላኩልን እናመሰግናለን። እርስዎ መጥተው ሪባን እስኪቆርጡ ድረስ ማንም እንዳይነካው ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ስላዘዙን ደግሞ አብልጠን እናመሰግናለን። ሦስት ወር ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ እንኳ ሳይነካው ከርሟል።

፪ኛ. በእነዚያ ወራት ግንባር እየዳበስን በግምት ስናክም ከርመናል። ለጉንፋኑም ለምኑም አንቲባዮቲክ ስናድል፣ እማማ ጃስማያ መጡ። ትኩሳት አልነበራቸውም፤ ደክመው ትንሽ ይዘባርቁ ነበርና እርጅና ነው ብዬ ሸኘኋቸው። በአራተኛው ቀን ብሶባቸው ከተማ ሲወሰዱ፣ ሐኪሞቹ ኢንፌክሽኑ ከሳንባቸው ወደ ደማቸው መግባቱን ነገሩን፤ በማግስቱ አረፉ።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላልና እርስዎን ልከስ አልተነሣሁም። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደብዳቤዎን ፈርቼ አልከፈትኩትም፤ አፍራለሁ።

፫ኛ. ምረቃው እጅግ ያማረ ነበር። የአበባው ጉንጉን እስከ ጆሮዎ ደርሶ፣ በጭብጨባ መካከል ከጣትዎ ደም ተወስዶ ፍጹም ጤነኛ ሆነው በመገኘትዎ መንደሩ ሁሉ ደስ ብሎታል። ያን ጊዜ የእማማ ጃስማያ ምራት ቻንድራካሊ ከኋላ ሆና፣ «ይኼ ነገር እማማ የመጡ ዕለት የት ነበር?» ብላ ጠየቀች። እርስዎ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ገና አልመጣም ነበር አልኳት። አመነችኝ፤ ለእማማ ስለደከምክ ብላም አንገቴ ላይ አበባ አጠለቀችልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንግዲህ ፈጣሪ ሹመትዎን ያርዝምልዎ ዘንድ እየለመንኩ፣ ትእዛዝ በማክበር ሰው ያስቀበርኩ ታማኝ አገልጋይዎ፣

ቲርታ ጋርቲ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት ለቻንድራካሊ ደጃፏ ላይ ቆሜ አነበብኩላት። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከወንዙ ማዶ ላለው ኬላ የተላከው መሣሪያስ ተመርቋል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አለመመረቁን ስለማውቅ ዛሬ ጠዋት ተሻግሬ ከቁልፍ ያዧ ጋር ከፍተነዋል፤ እስካሁን ሰባት ሰው ተመርምሮበታል። እርስዎ አይቸኩሉ፣ ሲመችዎ ይምጡ።