ወይዘሮ መቀስ፦ ከራሳቸው ፈተና ቆርጠው ለባላንጣቸው የሰጡት

እትዬ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከፖስተኛ አባታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስታችን የበኩሯ እሳቸው፣ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። አንድ ጣቃ ጨርቅ ለሁላችን ሲቆረጥ መቀሱን የሚይዙት እናታችን፣ የሚከራከሩት ግን እትዬ ነበሩ።

በሥነ ልቦና በማዕረግ ተመርቀው በ1962 ዓ.ም. በባቡር ነጂዎች ማሠልጠኛ የመግቢያ ፈተና ክፍል ተቀጠሩ። ባዘጋጁት የቃላት ፈተናም ስም አተረፉ። በ1965 ዓ.ም. ከማሠልጠኛው የሒሳብ መምህር ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የመግቢያ ፈተናው በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር። አራቱ አዘጋጆች እንዳይቀያየሙ ተብሎ ለአራቱም ፈተናዎች እኩል ግማሽ ሰዓት ይሰጣል። ችግሩ፣ በፈተና አንደኛ የወጣው ባቡር ላይ ሲወጣ ይፈዛል፤ ጎበዝ ነጂ ሊሆን የሚችለው ደግሞ ከበር ይመለሳል። ይህ እትዬን እንቅልፍ ነሳቸው። የሠልጣኞቹን የኋላ ብቃት ከመግቢያ ውጤታቸው ጋር ቢያስተያዩት ጉዱ ወጣ። የራሳቸው የቃላት ፈተና በአሥር ደቂቃ ከሚናገረው በላይ በግማሽ ሰዓትም ብዙ አይጨምርም። ተፈታኙ ምን ያህል ልብ እንደሚል የሚለካው የንቃት ፈተና ስለ ነጂነት ከሁሉም የተሻለ ይናገራል፤ ግን ጊዜው ስለሚያጥር የአንዱ ሰው ውጤት ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ይሆናል። የእሱ አዘጋጅ ደግሞ ከእትዬ ጋር ዓይንና ናጫ የሆኑት ባልደረባቸው ነበሩ!

እትዬ በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «እናቴ ለሁላችንም እኩል ብትቆርጥልን ኖሮ አንዱ ልብሱ ይጎተትበት፣ ሌላው ጉልበቱን ይበርደው ነበር። ከእኔ ፈተና ሃያ ደቂቃ ቆርጣችሁ ለእሳቸው ስጡ» አሉ። ባላንጣቸው ደንግጠው፣ «ዛሬስ ደህና ነዎት?» አሏቸው።

ሐሳባቸው ጸደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ተመርጠው የገቡት ሠልጣኞችም አኮሯቸው፤ ሥልጠናውን አቋርጦ የሚቀረው በጣት የሚቆጠር ሆነ። «ወይዘሮ መቀስ» የሚለው ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ክፍሉን በኩራት መርተዋል። ባላንጣቸውም የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ሆነው፣ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

ሕመሙ ሲጸናባቸው ሐኪሙ የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን ነገሯቸው። እትዬም እንደ ልማዳቸው ደለደሉት፤ ለሆስፒታሉ ጥቂት፣ ለጠያቂ ከዚያ ያነሰ፣ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው የተረፈውን ሁሉ። ባለፈው ማክሰኞ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የባለቤታቸውን እጅ እንደያዙ ዐረፉ።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ከማረፋቸው በፊት አንብበውታል። ስለ ሽልማቶቻቸው የጻፍኩትን ግማሽ ገጽ በእጃቸው ሰርዘው፣ «ይሄ ምንም አይጨምርም፤ ደቂቃውን ለባላንጣዬ ስጪልኝ» አሉኝ። ስለዚህ ከእኔ ቀጥሎ ባላንጣቸው ይናገራሉ።

ፈጣሪ ለእትዬ ነፍስ ዕረፍቱን ሳይለካ፣ ሳይቆርጥ ይስጥልን።